የዱሮ ዘመናዊ የቤት ዕቃ ጋለሪ በጎንደር፦ አመራረጥ፣ አጠጋገንና አሻሻጥ

በጎንደር ከተማ የዱሮ ወንበር፣ ብፌ ወይም የጽሕፈት ጠረጴዛ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በእንጨትነቱ ነው። ገዢው ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፤ ዋንዛ መሆኑን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ያረጋግጣል፤ ከዚያም አናጺ ቤት ወስዶ ያስልገዋል፣ ቨርኒሽ ያስቀባዋል፤ ዕቃውም «አዲስ ሆነ» ይባላል። የዱሮ ዕቃ ጋለሪ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መተው ያለበት ይህንን ልማድ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው የት፣ መቼና በማን እጅ እንደ ተሠራ የሚመሰክረው ምልክት አብዛኛው ያለው በመላጊያ በሚነሣው በዚያ ስስ ገጽ ላይ ነው፤ ዋጋ የሚያወጣለትም ይኸው ምስክርነት ነው።

ይህንን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ አራት ባለ መደገፊያ ወንበሮች ገዝቼ ለአናጺ ሰጠሁ። በመደገፊያቸው ጀርባ በነጭ ቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ነበረባቸው። አናጺው ታታሪ ስለነበር ሦስቱን በአንድ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አሳመራቸው። ከወራት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ዐይኑን የጣለው ባልተነካው በአራተኛው ላይ ሲሆን፣ ሦስቱን «እነዚህማ አሁን የተሠሩ ናቸው» ብሎ አለፋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ምን መነካት እንደሌለበት ለአናጺው አልነገርኩትምና።

በሕንድ አገር የሆነው ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚየ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለነደፋት ለቻንዲጋር ከተማ የመሥሪያ ቤት ወንበሮችንና ጠረጴዛዎችን ንድፍ በብዛት ያወጣው ዘመዱ ፒየር ዣንሬ ነበር። ዕቃዎቹ በአገሬው አናጺዎች ከቲክ እንጨት ተሠርተው ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ አሮጌ ተብለው በየግቢው ተከመሩ፤ በርካሽ ጨረታም ተሸጡ። የአውሮፓ ነጋዴዎች ገዝተው ሲጠግኗቸው በዓለም አቀፍ ጨረታዎች እጅግ ውድ ሆኑ፤ የሕንድ መንግሥት ሽያጩንና ወደ ውጭ መላኩን ለመግታት መመሪያ ያወጣው ዘግይቶ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ እውነተኛውን ከአስመሳዩ ለመለየት ባለሙያዎች ከሚመለከቷቸው ነገሮች አንዱ በመደገፊያው ጀርባ በቀለም የታተመው የመሥሪያ ቤቱ ፊደልና ቁጥር ነው። እኔ ያስፋቅሁት ዓይነት ምልክት ማለት ነው።

ምን መፈለግ ይገባል?

በጎንደር ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሚገኘውን የዱሮ ዘመናዊ ዕቃ በሦስት ዘመን ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ጣሊያኖች ከተማዋን ይዘው ከቆዩበት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ያለው ነው፤ በፒያሳ የሚታዩት የፖስታ ቤቱና የሲኒማ ቤቱ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን «የጣሊያን ነው» ተብሎ የሚቀርብ ዕቃ ሁሉ የጣሊያን አይደለም፤ ከነጻነት በኋላ የተሠራም ቢሆን ጠንካራ ከሆነ ሰው «የጣሊያን» ይለዋል። ሁለተኛው ከነጻነት እስከ 1966 ዓ.ም. ያለው ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ፣ የትምህርት ቤት ወንበርና የቤት ብፌ የሚበዛበት በመሆኑ ለጋለሪ የሚሆን ዕቃ በተሻለ ዕድል የሚገኘው ከዚህ ነው። ሦስተኛው የደርግ ዘመን ነው፤ ፎርማይካ፣ ቺፕውድና የብረት ቱቦ እየበዙ የሄዱበት ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን እግሩ ቀጥ ያለ፣ ፎርማይካው ያልተሰነጠቀ የዚያን ዘመን ጠረጴዛ ባገኝ አላልፈውም።

ከእነዚህ ጋር ጠፍር አልጋና ዱካ አብረው ቢቆሙ ጋለሪው የጎንደር መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም አትሮኖስ፣ መቋሚያና ሌላም ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የሚመስል ዕቃ ሲመጣ በማንኛውም ዋጋ አይግዙ፤ ወደዚህ ሕጋዊ ምክንያት በኋላ እመለሳለሁ።

ዕቃ የሚገኘው በቅዳሜ ገበያ፣ ቤት ሲፈርስና ውርስ ሲከፋፈል፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤቶች የማስወገድ ጨረታ ነው። ቤት ሄደው ሲገዙ ባለቤቷን እናት «ይህ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው የሚያገኙት መልስ «ኧረ ልጄ፣ ዱሮ ነው» ብቻ ነው። ሰው ዘመንን የሚያስታውሰው በድርጊት በመሆኑ «እትዬ፣ ይህ ብፌ የገባው በማን ሠርግ ጊዜ ነው? ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው ወይስ በኋላ? ያመጣው ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የሠርጉ ዓመት ሲታወቅ የብፌው መግቢያ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም የአናጺው ስም አብሮ ይነሣል። መልሱን እዚያው እንደቆሙ በደብተር ይጻፉ፤ ከጋለሪው ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ይህ ደብተር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለሻጯም ዕቃው ምን እንደሆነ በግልጽ ይንገሯቸው። እንደ ማገዶ የገዙትን እንደ ጥበብ ሥራ ሸጠው የተወራ ዕለት፣ በጎንደር ሌላ በር አይከፈትልዎትም።

ዕቃውን ገልብጦ ማንበብ

ዕቃ ሲመረምሩ ፊቱን ትተው ገልብጠው ይጀምሩ። ከወንበር መቀመጫ ሥር፣ ከመሳቢያ ጀርባና ከብፌ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ማንም ስለማይቀባና ስለማይፍቅ እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

በመጀመሪያ ቪቴውን ይዩ። ባለ መስቀል ራስ ቪቴ በአሜሪካ በሄንሪ ፊሊፕስ ስም የባለቤትነት መብት አግኝቶ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነው፤ ስለዚህ «ጣሊያን ሲገባ ይዞት የመጣ ነው» የተባለ ጠረጴዛ ከጥንቱ ጀምሮ በባለ መስቀል ቪቴ የተያያዘ ከሆነ ታሪኩ ያጠራጥራል። ቪቴው በኋላ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ የዱሮው ቀዳዳ ሰፍቶ ወይም በሹል እንጨት ተደፍኖ ይታያል። ቺፕውድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋ ነገር ነው። ኮምፔልሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው የሚሠራ ጣውላ) ግን ከዚያ በፊትም ስለነበረ ብቻውን ዘመን አይለይም።

ቀጥሎ መጋጠሚያውን ይመልከቱ። መሳቢያው ፊትና ጎኑ የርግብ ጅራት በሚመስል ቅርጽ ተቆልፎ ከሆነና የቅርጾቹ ስፋት በመጠኑ የሚለያይ ከሆነ በእጅ የተቆረጠ ነው፤ ሁሉም ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ የማሽን ሥራ ነው። ወንዴና ሴቴ ሆኖ የተጋጠመ እግር በምስማር ከተመታ ደግሞ ምስማሩ የኋላ ጥገና እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ አናጺ ለፍቶ ቀዳዳ ከቦረቦረ በኋላ ምስማር የሚያስፈልገው ያላመነበት ዕለት ብቻ ነውና።

ቁመትም ይለካ። የወንበር መቀመጫ ከመሬት ብዙ ጊዜ ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛ ደግሞ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በእኛ አገር እግሩ የተቆረጠ ዕቃ ብዙ ነው፤ የአፈር ወለል እርጥበት የእግሩን ጫፍ ሲያበሰብሰው ባለቤቱ በመጋዝ ይቆርጠዋል፣ ወንበሩም ያጥራል። መቀመጫው 39 ሳንቲ ሜትር ላይ ያረፈ የመመገቢያ ወንበር ካገኙ የእግሩን ጫፍ ከሌላው አካል ጋር ያስተያዩት፤ የመጋዙ ቁራጭ ገጽታ የተለየ ቀለም ይኖረዋል። ይህ ዕቃውን የማያስገዛ ጉድለት ባይሆንም ለገዢ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

እንጨቱን መለየት የአናጺ ሙያ ቢሆንም ጥቂቱን ማንም ይለምደዋል። ዋንዛ ቡናማ ሆኖ ለመጠኑ ቀላል ነው፤ ለመላግም ገር ነው። ጥድ ሲፋቅ የእርሳስ ሽታ ያወጣል፤ እንዲያውም ለእርሳስ መሥሪያነት ሲያገለግል የኖረ ዛፍ ነው። ዝግባ ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ የእድሜ መስመሩ እምብዛም አይታይም። ኮሶ ወደ ቀይ ያደላል። ወይራ ከባድና ባለ ጥቁር መስመር ነው፤ ነገር ግን ትልልቅ ጣውላ ስለማይወጣው ሙሉ ብፌ «ወይራ ነው» የሚልዎትን ሻጭ በትሕትና ያዳምጡትና እንደገና ይመርምሩ።

ቅቡን ለመለየት በማይታይ ሥፍራ ላይ በጥጥ አልኮል ጠብ ያድርጉ። ከለሰለሰና ጥጡ ላይ ከተያዘ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የዱሮ ቅብ) ነው፤ አልኮሉ ሳይነካው ቲነር ካለሰለሰው ናይትሮ (በቲነር የሚሟሟ ቅብ) ነው፤ ሁለቱም ካልነኩት የኋላ ዘመን ጠንካራ ቨርኒሽ ነው ማለት ነው። (አንድ ወዳጄ ለዚህ ሙከራ አረቄ ተጠቅሞ «አይሠራም» ብሎኛል፤ የአልኮል መጠኑ ስለሚያንስ ከፋርማሲ የተገዛ ይሻላል፤ አረቄውም ለሌላ ጉዳይ ይተርፋል።)

በእንፋሎት ሙቀት ታጥፎ የተሠራ ክብ መደገፊያ ያለው ወንበር ሲያጋጥም ወዲያው «ቶኔት» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። ወንበር ሠሪው ሚካኤል ቶኔት በ1859 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው 14 ቁጥር ወንበር ከስድስት እንጨት፣ ከአሥር ቪቴና ከሁለት ዳዶ የተገጠመ ነበር፤ ተፈታቶ ሲታሸግ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን 36 ወንበር ይገባ ስለነበር በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። የባለቤትነት መብቱ በ1869 ሲያበቃ ግን ሌሎች ፋብሪካዎችም ይህንኑ መሥራት ጀመሩ። ስለዚህ ከመቀመጫው ክብ ጠርዝ ሥር ማኅተም ወይም የወረቀት ምልክት ካልተገኘ «በእንፋሎት የታጠፈ ወንበር» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ጥገና፦ የቱ ይነካ፣ የቱ ይቅር?

ደንቤ አጭር ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ ሰውን መሸከም አለበት፣ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ሳይነካ ይቆይ። የላላ መጋጠሚያ ተፈትቶ፣ የዱሮው ሙጫ ተጠርጎ፣ እንደገና ተጣብቆ በሞርሳ ይታሰር። የዱሮ የእንስሳ ሙጫ በሙቅ ውኃና በእንፋሎት ስለሚለሰልስ እንጨቱን ሳይሰብሩ መፍታት ይቻላል። የቀለም መጫጫር፣ የብርጭቆ ክብ እድፍና በእጅ ብዛት የጠቆረ መደገፊያ ግን የዕቃው ዕድሜ ናቸው፤ ይቆዩ።

ጽዳቱ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ይጀመርና ወዲያው ይደረቅ። ከዚያ የሰም ቅባት ይበቃዋል፤ ጎንደር ደግሞ ሰም አይቸግራትም። አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም ለሦስት እጅ ተርፐንታይን ወይም አኳራጅ በሚዛን ያዘጋጁ። ሰሙን በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡ፤ ጣሳውን ከእሳቱ አርቀው ካወጡ በኋላ ብቻ አኳራጁን ይጨምሩ፤ ትነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላልና። ሲረጋ በጨርቅ በስሱ ይቀቡት፤ ከሰዓታት በኋላ ይወልውሉት።

ነቀዝ ያለበትን ዕቃ ወደ ጋለሪው ከማስገባትዎ በፊት ለብቻው ያቆዩት። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ ትሉ በሕይወት አለ፤ ካልወረደ ግን ገና ነጻ ነው ብለው አይደምድሙ፤ ትሉ ሳይወጣ ለረጅም ጊዜ በውስጥ ሊቆይ ይችላልና ወራት ይጠብቁ። ትንሽ ዕቃ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ገደማ ሁለት ሳምንት በማቀዝቀዣ ቢቆይ ትሉም እንቁላሉም ይሞታል። ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየቤቱ የሚታወቅ መድኃኒት ነው፤ ለአጥር እንጨት ይሆን ይሆናል፣ ለብፌ ግን ሽታውም ጥቁረቱም አይለቅም።

ጠፍር አልጋ ሲላላ አዲሱ ጠፍር ውኃ ውስጥ ርሶ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። የራታን መቀመጫ ብቻ የረገበ ከሆነና ካልተበጠሰ ከሥሩ በሙቅ ውኃ ረጥቦ ሲደርቅ በመጠኑ ይመለሳል። የብረት ቱቦ ኒኬል ከዛገ በተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀትና በውኃ ቀስ ብሎ ይፈተግ፤ ቀለም አይቀባ።

የሠሪውን ስም መመለስ

በፋብሪካ ከተሠራው ዕቃ ሌላ፣ አንድ ባለሙያ በራሱ የሥራ ቤት ከንድፉ እስከ ቅባቱ የሠራው የእጅ ሥራ በዓለም ገበያ የራሱ ቦታ አለው። በአሜሪካ ዋርተን ኤሸሪክ (1887–1970)፣ ጆርጅ ናካሺማ (1905–1990) እና ሳም ማሉፍ በዚህ ይታወቃሉ። ናካሺማ የተሰነጠቀ ጣውላ አይጥልም ነበር፤ ስንጥቁን በቢራቢሮ ቅርጽ እንጨት አስሮ እንዲታይ ይተወዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ያለው በመሆኑ በአይዳሆ ግዛት በሚኒዶካ ካምፕ ታስሮ ሳለ የጃፓንን የእንጨት መጋጠሚያ ጥበብ ካስተማሩት አናጺዎች የጌንታሮ ሂኮጋዋ ስም እስከ ዛሬ ከእርሱ ስም ጋር ይነሣል።

በእኛ ዘንድ የአስተማሪ ቀርቶ የሠሪውም ስም በዕቃው ላይ የለም። በጎንደር ዙሪያ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ሲሆኑ፣ «ባለ እጅ» እና «ቡዳ» እየተባሉ ተንቀው ኖረዋል፤ ሌላውም የእጅ ባለሙያ ከዚህ ንቀት ድርሻውን አግኝቷል። ስም መጻፍ ክብር ባልነበረበት ዘመን የተሠራ ወንበር ስም አልባ መሆኑ አያስደንቅም። ጋለሪ ይህንን በጥቂቱ ሊያርም ይችላል። በአካባቢዎ ያሉትን አረጋውያን አናጺዎች ፈልገው ዕቃውን፣ ካልሆነም ፎቶግራፉን ያሳዩአቸው። «ይህ የእገሌ እጅ ነው፤ እግሩን እንዲህ የሚያሾለው እርሱ ነበር» የሚል ሰው እስካሁን አለ፤ ነገ ላይኖር ይችላል። ዛሬ የሚሠሩ ወጣት ባለሙያዎች ሥራ ተቀብለው ሲሸጡም ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን ከመቀመጫው ሥር በጋለ ብረት ወይም በመሮ እንዲያኖሩ ያድርጉ።

መለያ ጽሑፍ፣ ዋጋና ሕግ

ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የሚቀመጠው ወረቀት የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩን፣ የተገኘበትን ሁኔታና የተደረገለትን ጥገና ይዘርዝር። ስለ ሠሪው ሲጻፍ ሦስት ደረጃ አይደባለቅ፦ ማስረጃ ካለ «የእገሌ ሥራ»፣ ምስክር ብቻ ካለ «የእገሌ ሥራ እንደሆነ የሚገመት»፣ መመሳሰል ብቻ ካለ «በእገሌ ፈለግ የተሠራ» ይባላል። በሦስቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ፈተናውም ትልቅ ነው።

ዋጋ ሲተመን የተገዛበት፣ የማጓጓዣው፣ የጥገናውና የቤት ኪራዩ ድርሻ ይደመራል፤ ዕቃ ሳይሸጥ ዓመት ሊቆም እንደሚችልም ይታሰባል። ከገና እስከ ጥምቀት እንግዳ በብዛት ስለሚገባ ምርጡን ዕቃ ለዚያ ጊዜ አዘጋጅቶ መጠበቅ ጥሩ ነው። ባለቤቱ መሸጥ ፈልጎ በዋጋው ካልተስማማችሁ በአደራ ሽያጭ መያዝ ይቻላል፤ የኮሚሽኑ መጠን፣ ጊዜውና ዕቃው ቢጎዳ ኃላፊው ማን እንደሆነ ግን በጽሑፍ ይሁን።

ከመሥሪያ ቤት የተገዛ ዕቃ የጨረታው ደረሰኝና ንብረቱ ከመጋዘን የወጣበት ሰነድ (ሞዴል 22) አብሮት ይኑር፤ የመንግሥት ቁጥር ያለበትን ወንበር ያለ ሰነድ ይዞ መገኘት ሌላ ጣጣ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ዕቃውን ወደ ውጭ ለሚወስድ ገዢ አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ እንዲያወጣ ይነገረው። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የሚመስል ዕቃ አይግዙ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ንጹሕ ሰነድ የሚያገኝበት መንገድ የለምና።

አቀማመጥና አላላክ

የጎንደር ፀሐይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትወጣ ስለሆነች በመስኮት በኩል በጥቂት ወራት ውስጥ የብፌን አንድ ጎን ታነጣለች፤ መጋረጃ ይኑር። በክረምት እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ስለሚሰፋ የማይከፈት መሳቢያ ካለ በመላጊያ ለመላግ አይቸኩሉ፤ በጥር ራሱ ይከፈታል። ፎቶግራፍ ሲያነሱ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ይጠቀሙ፤ የዕቃውን ፊት፣ ጎን፣ ጀርባና የተገለበጠ ሥሩን፣ ጉድለቱንም ጭምር ያንሱ።

ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ዕቃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ በአይሱዙ ላይ ይጓዛል። መሳቢያዎቹ ወጥተው ለብቻ ይታሸጉ፤ እግሮቹ በብርድ ልብስ ይጠቅለሉ፤ ገመዱ በመጋጠሚያው ላይ እንጂ በእግሩ መሐል አይታሰር፤ በእንጨቱና በፕላስቲኩ መካከልም ጨርቅ ይግባ፤ አለዚያ በበረሃው ሙቀት ቅቡ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል። የመለያ ጽሑፉን አንድ ቅጂ በፖስታ አድርገው ከመሳቢያው ሥር ወይም ከመቀመጫው በታች በቀጭን ምስማር ይምቱት፤ ሌላው ቅጂ ከገዢው ስም ጋር በደብተርዎ ይቅር።